ሦስት ተክል በአቫው ማሳ

ፖሊሶቹ የወጡት የጠፋች እሪያ ሊፈልጉ ነበር። ያገኙት ሦስት የካናቢስ ተክል ነው።

ሳጅን ሲያኦሲ «የማነው ይሄ?» ብሎ ሲጮህ ፔሌናቶ ሽርጡን እያጠበቀ ከቤት ሮጦ ወጣ። «የኔ ነው!» አለ። እጁን ለካቴና ራሱ ዘረጋ። ፍርድ ቤት ሲቀርብም «ጥፋተኛ ነኝ» አለ፤ አበቃ። ዳኛዋ ቅጣት ከመወሰናቸው በፊት ስለ ሰውየው ተጠንቶ እንዲቀርብላቸው አዘዙ። ፋይሉ በደሴቲቱ ዋና ከተማ በአፒያ፣ የአመክሮ መኮንኗ ሎሳ ጠረጴዛ ላይ አረፈ።

ሎሳ ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ሪፖርት ጽፋለች። ይሄኛው ግን ገና ከጅምሩ ቆሽቷን አሳረረው።

«መቼ ተከልካቸው?»

«እ... በቅርቡ።»

«በቅርቡ ማለት መቼ?»

«እትዬ ሎሳ፣ አምኛለሁ እኮ። ከዚህ በላይ ምን ልበልዎት?»

«ለዳኛዋ የምጽፈው እኔ ነኝ! የመጀመሪያ ጥፋትህ ነው። ሦስት ተክል ነው። ሊምሩህ ይችላሉ። አንተ አፍህን ከዘጋህ ግን ምን ብዬ ልጻፍልህ? ከታሰርክ ኒው ዚላንድ ዳግመኛ አታስገባህም። ፖም ለቀማህ በዚያው ቀረ ማለት ነው። ልጆችህስ?»

ፔሌናቶ መሬት መሬቱን አየ። አራት ልጆቹን የሚያስተምረው በዚያ ለቀማ ነው። ያም ሆኖ «አምኛለሁ» ከማለት ፈቀቅ አላለም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!

ሲወጣ ሎሳ በንዴት ፋይሉን ገለባበጠችው። ለዋስትና ያስያዘው ፓስፖርት ውስጡ ነበር። ከፈተችው። ለለቀማ የወጣው በጃንዋሪ ነው፤ ሰባት ወር ቆይቷል። የተመለሰበት ማኅተም ላይ ስትደርስ ቀኑን በጣቷ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች።

ፔሌናቶ አገሩ በገባ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ነው የተያዘው።

ጣቢያ ስትደርስ ሳጅን ሲያኦሲ ዳቦውን እየገመጠ ነበር።

«ተክሉ ምን ያህል ቁመት ነበረው?»

«እዚህ ድረስ።» ደረቱን ነካ። «አብቦ ነበር እንዲያውም።»

«በአሥራ ስምንት ቀን? ምን ዓይነት ተአምር ነው?»

ሳጅኑ ማኘኩን አቆመ። «ሎሳዬ፣ ሰውየው አምኗል። ያመነን ሰው እንደገና የሚመረምር ፖሊስ የት አይተሻል?»

«የትም! ፎቶውን አምጣ።»

የፖሊሱ ሪፖርት «በጎደሬ ማሳ ውስጥ» ይላል። ሎሳ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ወስዳ አየችው። በሦስቱ ተክሎች ዙሪያ ያለው አንጓ አንጓ ያለው ግንድ ጎደሬ አልነበረም።

«አንተ የከተማ ልጅ፣ ይሄ አቫ ነው! አለቆች በሸንጎ ላይ ሥሩን በጥብጠው የሚጠጡት።»

«ታዲያ ተክል ተክል ነው፤ ምን ለውጥ አለው?» አለ፤ ፊቱ ግን ቀላ። «ቆይ፣ ኢሳላ ይሆናላ! አምና በካናቢስ ጉዳይ ከነቤተሰቡ ከፔሌናቶ መንደር ያባረሩት። ቂም ይዞ ነው።»

ሎሳ አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ደሴቱ ሌላ ጫፍ ሄደች። ኢሳላን በአማቶቹ መሬት ላይ አጥር ሲያጥር አገኘችው። ጥያቄዋን ሲሰማ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም።

«እኔ? ያንን መንደር ብረግጥ እንደ እሪያ ነው የሚያርዱኝ። ደግሞስ የቱኢማሎን አቫ ማሳ ከራሱ ከቱኢማሎ በቀር ማን ይረግጣል? ሚስቱ እንኳ አትገባም!»

ቱኢማሎ የፔሌናቶ አጎት፣ የቤተሰቡም አለቃ ነው። በሸንጎው ላይ «ካናቢስ የተከለ የቤተሰብ አለቃ ከነቤተሰቡ ከመንደሩ ይውጣ» የሚለውን ሕግ ያወጣው እሱ፣ በኢሳላ ላይ ያወጀውም እሱ። ለፔሌናቶ ምሕረት የሚለምን ደብዳቤውም ከነፊርማው ሎሳ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ጉድ እኮ ነው!

ቤቱ ሄዳ ምንጣፉ ላይ እግሯን አጥፋ ተቀመጠች። ከመጋረጃው ጀርባ ሴት ታቃስታለች።

«አባቴ፣ ማሳው የእርስዎ ነው።»

ሽማግሌው ወደ መጋረጃው ዞር ብሎ አየ። «ልጄ፣ አንቺም የዚህ አገር ሰው ነሽ። የሚነገረውንና ሆድ የሚፈጀውን ለይተሽ ታውቂያለሽ።»

«ንጹሕ ሰው ሊታሰር ነው! ይሄን ሆዴ አይፈጀውም።»

ሎሳ ቢሮዋ ተመልሳ ቀኑንም፣ ማሳው የማን እንደሆነም ሳታስቀር ለዳኛዋ ጻፈች።

በችሎቱ ቀን ዳኛዋ ሪፖርቱን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። «አቶ ፔሌናቶ፣ አገር ውስጥ ሳትኖር ማን ውሃ አጠጣልህ?»

«የኔ ነው! እኔ ነኝ አልኩ እኮ!» ፔሌናቶ ጮኸ። «ለምን አትቀጡኝም?»

ለምስክርነት የመጣው ቱኢማሎ ምርኩዙን ተደግፎ ተነሳ። «ተው፣ ልጄ። ያጠጣሁት እኔ ነኝ» አለ። «ሚስቴን አጥንቷን ነቀርሳ ይበላታል። ያንን አፍልቼ ካልሰጠኋት እንቅልፍ የላትም። ይሄ ልጅ እናቱ ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት። ፖሊስ ሲመጣ ቀደመኝ። እኔም... በኢሳላ ላይ የፈረድኩትን አስቤ ዝም አልኩ።»

ፔሌናቶ ነጻ ተባለ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቱኢማሎ በተራው ተከሶ ቀረበ። ዳኛዋም ዕድሜውን፣ የተክሉን ቁጥር ማነስና የመጀመሪያ ጥፋቱ መሆኑን አይተው እስር አልፈረዱበትም፤ አንድ ዓመት በአመክሮ፣ ሰማንያ ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት።

ሎሳ እፎይ ልትል ነበር። ፔሌናቶ ኮሪደሩ ላይ መንገዷን ዘጋ።

«ማን ለመነዎት? እኔ ብታሰር ስድስት ወር ብቻ ነበር፤ አለቃ ስላልሆንኩ ቤተሰቡን አይነካም! ትናንት ሸንጎው ተቀምጦ ወሰነ። ቅዳሜ እንወጣለን፤ አሥራ አንድ ነፍስ ከነበሽተኛዋ።»

ይህን ብሎ ትቷት ሄደ። ሎሳ እውነቱን በመጻፏ እንዲህ እናደዳለሁ ብላ አስባ አታውቅም።

ሽማግሌው ቢሮዋ ውስጥ ይጠብቃት ነበር። የአመክሮው ቅጽ መሞላት አለበት።

«የመኖሪያ አድራሻ፣ አባቴ?»

«ኢሳላ ያለበትን ታውቂያለሽ አይደል?»

«የኢሳላን?»

«እሁድ ደጁ ላይ ምንጣፍ ተከናንቤ ቁጭ እላለሁ፤ የበደለ ሰው እንደሚያደርገው። ይቅር ብሎ ምንጣፉን ካነሳልኝ አድራሻዬ እዚያ ነው።»

«ካላነሳልዎትስ?»

ቱኢማሎ ቅጹን ወደ እሷ ገፋ አደረገው። ሎሳ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ የሚፋቅ እርሳስ አነሳች፤ የኢሳላን አድራሻ ጻፈች።