የታጠፈው ሀካማ

ማስተር ላቀው በጀርባው ተንጋሎ፣ ጭንቅላቱ ከልምምዱ ፍራሽ ወጥቶ ሲሚንቶው ላይ እንዳረፈ ሞቶ ተገኘ። ቀኝ እጁ ከሳምንት በፊት ተሰብሮ በጄሶ ታስሯል። ከራስጌው ሀካማው፣ እንደ እሱ ያሉ የአይኪዶ ትግል አስተማሪዎች ከነጩ ልብስ ላይ የሚደርቡት ያ ሰፊ ጥቁር ሱሪ፣ በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል።

ኢንስፔክተር ሻሺቱ ሴቻ ሰፈር ወዳለው የልምምድ አዳራሽ ስትደርስ ባልደረቦቿ ሥራውን ጨርሰውላት ነበር። የጁዶ አሰልጣኙን ኤፍሬምን በካቴና አስረው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠውታል። ሰው አንስቶ መጣል የጁዶ ሙያ አይደል? ሻሺቱ ግን ቶሎ የሚያልቅ ምርመራ አይጥማትም።

«እትዬ በለጥሽ፣ ማስተር ሲገቡ አይተዋቸዋል?» ስትል የጽዳት ሠራተኛዋን ጠየቀች።

«አዎ፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ። ያንን ጥቁሩን ለብሰው ነበር። አንድ ሰዓት ላይ ልጠርግ ስገባ እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው።»

«በመሃል ማን ገባ?»

«በፊት ለፊት በር ኤፍሬም ብቻ። የጓሮውን በር አላየሁም።»

አዳራሹ ወር ሙሉ ሲጨቃጨቅ ከርሟል። ላቀው ከአይኪዶ ጎን ሁለተኛ የትግል ጥበብ ሊጨምር ፈልጎ፣ ጁዶ ይሁን ቦክስ ሲያማርጥ ነበር።

«ጁዶን መርጫለሁ አሉኝ፤ ደስ ብሎኝ ወጣሁ» አለ ኤፍሬም። «ጌታ ምስክሬ ነው፣ በሕይወት ነው የተውኳቸው። የፊታችን እሑድ ሠርጌ ነው እኮ!»

ምኞት፣ የቦክስ አሰልጣኟ፣ ክንዷን አጣጥፋ ቆማለች። «ቦክስ ቢመረጥ ደስ ባለኝ። ባይመረጥስ ሰው ልግደል?»

«ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ሩጫ ላይ።»

«ማን አየሽ?»

«ማንም» አለች ምኞት፣ ዓይኗን ሰብራ።

ሦስተኛው ካሱ ነው፣ አሥራ ሁለት ዓመት ከላቀው ያልተለየ ነባር ተማሪ። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል። «ተደውሎልኝ ነው አሁን ከሲቀላ ሰፈር በሚኒባስ የመጣሁት።»

«ይህን ሀካማ ማጠፍ ከባድ ነው?»

«ከልምምድ በኋላ የአስተማሪን ሀካማ ማጠፍ የነባር ተማሪ ክብር ነው» አለ ካሱ ቀና ብሎ። «እጥፋቱም፣ የማሰሪያው አጠላለፍም ሙያ ይጠይቃል። የእሳቸውን ከእኔ በቀር ማንም አይነካም። ለማንም አሳይቼ አላውቅም።»

አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ ሻሺቱ አራቱንም ፍራሹ ዳር ሰበሰበቻቸው። ሀካማውን ዘረጋችና «እጠፉልኝ» አለች። እትዬ በለጥሽ እንደ ጋቢ አጠፈችው። ምኞት ጠቀለለችው። ኤፍሬም ካቴናው ተፈቶለት እንደ ተራ ሱሪ አጠፈው። ካሱ ግን እጁን አልዘረጋም።

«ማስተር ላቀው በጄሶው እጃቸው ሲወድቁ ራሳቸውን መያዝ አይችሉም ነበር» አለች ሻሺቱ። «ስለዚህ ለዚህ ሞት ጁዶ አያስፈልግም፤ አንድ ግፊት ይበቃል። ሲገቡ ሀካማውን ለብሰውት ነበር። ሲገኙ ታጥፏል።»

«ራሳቸው አጥፈውት ቢሆንስ?» አለ ካሱ።

«በአንድ እጅ? ይህን ያጠፈው ዛሬ ጠዋት እዚህ የነበረ ሰው ነው። ሙያውን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን ደግሞ የነገርከኝ አንተ ነህ።»

ካሱ ፍራሹ ዳር ተቀመጠ። «ጠርተውኝ በጓሮ ገባሁ። አውልቀው ወደ እኔ ዘረጉት። ‹ከነገ ጀምሮ እኔ የጁዶ ጀማሪ ነኝ› አሉኝ። አይኪዶ ምን ጎደለው? አሥራ ሁለት ዓመቴን ዋጋ ያሳጡብኝ መሰለኝ። ገፋኋቸው... መግደል አላሰብኩም።»

«ከዚያስ?»

«ሀካማው መሬት ወድቆ ነበር። እንደዚያ ጥዬው መሄድ አልቻልኩም።»

ኤፍሬም የእጁን አንጓ እያሻሸ አየው። ተናዶበት ነበር፤ አሁን ግን አሳዘነው።

«ካሱ፣ ‹እስክነግረው ምስጢር ጠብቅ› ብለውኝ ነው ያልነገርኩህ እንጂ፣ እሳቸው እንደ ጀማሪ ነጭ ቀበቶ ታጥቀው ከእኔ ሊማሩ፣ አዳራሹንና ሀካማውን ለአንተ ሊያስረክቡ ነበር።»

ካሱ ወደ ሀካማው ዞረ። «ለምን አልነገሩኝም?»

ሻሺቱ ካቴናውን እጁ ላይ ቆለፈች።

«ሊነግሩህ ነበር የጠሩህ» አለችው።