የርካሹ ሽጉጥ ጥቅምና ጉዳት

መነጽር ሠሪው በምሳ ሰዓት ሱቁ ወለል ላይ፣ ደንበኞች መነጽር ለክተው ከሚያዩበት ትልቅ መስተዋት ፊት ተዘርሮ ተገኘ። ደረቱን ተመትቷል። እጁ ሥር ያ ከሚስቱ ጋር ስንት ቀን ያጨቃጨቀው ርካሽ ሽጉጥ ወድቋል። ሚስቱ ሬሳውን ያገኘችው ልጇን ከትምህርት ቤት ይዛ ስትመለስ ነበር፤ አሁን ልጅቷን ጎረቤት ልካ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ፖሊሱ ካቴናውን አውጥቶ ይጠብቃል፤ ጥይት የነበረው እሷ ዘንድ ብቻ ነዋ።

«ሌባ ገብቶ ከዘረፈው ወዲህ እንቅልፍ አጥቶ ነበር» አለች ለመርማሪዋ። «ሽጉጥ ካልገዛሁ አለ። እኔ ደግሞ ከሌባው ይልቅ ሽጉጡን ፈራሁ። በኋላ ተስማማን፤ ሽጉጡ እሱ መሳቢያ ውስጥ፣ ጥይቱ እኔ ሳጥን ውስጥ። ቁልፉ ካንገቴ ወርዶ አያውቅም። ግን እኔ አልገደልኩትም! እኔን ካሰራችሁኝ ልጄን ማን ያሳድጋታል?»

መርማሪዋ ደቃቃ ሴት ናት። ስታዳምጥ ያንቀላፋች ትመስላለች፤ በዚህ የተሸወደው ሰው ብዙ ነው። ሳጥኑን አስከፈተች። የተገዙት ሰባት ጥይቶች ሰባቱም አሉ።

«ስምንተኛ ደብቃ ነበራ!» አለ የሟች ታናሽ ወንድም፣ ታክሲ ነጂው፣ እንባውን በጃኬቱ እጅጌ እየጠረገ። «ጋሼን ይቅርብህ ብዬ ስንቴ ለመንኩት!»

ሽጉጡን ያስገኘው ጎረቤት፣ ቁልፍ ሠሪው፣ ላብ በላብ ሆኗል።

«ሸጥኩ እንጂ አልገደልኩም፣ ኢንስፔክተር! ከነቅባቱ ነው የሰጠሁት። አንድ እንኳ አልተተኮሰበትም።»

«ሌላም ሰው ይገዛዋል?»

«ርካሽ አይደል? በየመንደሩ ሞልቷል።»

መርማሪዋ አፈሙዙን በመብራት አየችው። ከሟች ኪስ የሸረሪት ድር የተጠመጠመበት የተሰበረ መነጽርና የታጠፈ ወረቀት ወጣ። ወረቀቱ በሚስትየዋ እጅ ጽሑፍ ለሁለት ተከፍሏል። ጥቅም፦ ርካሽ ነው፤ ትንሽ ነው፤ ሌባ ያስደነግጣል። ጉዳት፦ ምላጩ ደረቅ ነው፤ ልጅ እጅ ሊገባ ይችላል፤ ሌባው ከመስተዋቱ ኋላ ሲወጣ መሳቢያ ለመክፈት ጊዜ የለም። የመጨረሻዋ መስመር ሁለት ጊዜ በቀይ ተሰምሮባታል።

ሦስቱንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በሮቹ ላይ ፖሊስ ቆመ።

«ተቀመጡ። እጃችሁን ጠረጴዛው ላይ አድርጉ። ማንም እንዳያነሳ።»

ሁሉም ታዘዙ።

«በዚህ ሽጉጥ ማንም አልሞተም። የሻጩ ቅባት አፈሙዙ ውስጥ እንደረጋ ነው። ገዳዩ የራሱን ይዞ መጣ፤ ይሄን ከመሳቢያ አውጥቶ ሬሳው ሥር ጣለው፣ ጥይት የያዘችው ሚስት እንድትጠየቅ። ያኛው ሽጉጥ አሁን እዚሁ፣ ከመካከላችን ነው ብዬ እፈራለሁ።»

«ወይኔ ልጆቼን!» አለ ቁልፍ ሠሪው። ሚስትየዋ ከአጠገቧ ያለውን እጅ ለማየት እንኳ ፈራች።

«ሌባው በየት ገባ?» ብላ ጠየቀቻት መርማሪዋ።

«በመንገዱ በር። ባሌ ለፖሊስም ያለው ይሄንኑ ነው። መነጽሩን መጀመሪያ ስለነጠቀው ምንም አላየም።»

«ይሄ የማን ነው?» አለች መርማሪዋ የተሰበረውን መነጽር አንስታ።

«የነጠቀው እሱን ነው! ከየት መጣ?»

«ባልሽ ከመስተዋቱ ኋላ አገኘው፤ ድሩን ተመልከቺ። እዚያ የፈለገው ይህችን መስመር መልሶ ስላነበባት ነው። ሌባው ከመስተዋቱ ኋላ እንደወጣ ከራሱ ከሌባው በቀር ማን ሊያውቅ ይችላል? ማን ነው ያስጻፈሽ?»

ሚስትየዋ ቀስ ብላ ወደ ታክሲ ነጂው ዞረች። መልስ ከመስጠቷ በፊት ፖሊሱ ከኋላ ጠምዝዞ ያዘው። ከጃኬቱ ውስጥ የወጣው ሽጉጥ ወለል ላይ ከወደቀው ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ለመነጽር ሠሪው የረከሰ ዕቃ ለሌባውም ረክሷል፤ ይህን ግን ወረቀቱ ላይ የጻፈው የለም።

«እትዬ፣ ፈርቼ ነው» አለ ታክሲ ነጂው። «ና ምሳ እንብላ፣ የምንነጋገረው አለ ሲለኝ እንደነቃብኝ ገባኝ። ሽጉጥ አለው፤ ጥይቱንም ከአንቺ ወስዶ ይሆናል። ቀድሞ ይገድለኛል ብዬ...»

ሚስትየዋ አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጠች።

«ልጅቷን ዛሬ አንቺ አምጫት ብሎ ከቤት ያስወጣኝ፣ እኔ ፊት እንዳታፍር ነበር ለካ» አለች። «ጥይቱን ስጪኝ አላለኝም።»