ስለሺ ያልጨረሰው ምዕራፍ

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለስለሺ ግን አልነጋለትም። ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ የሚገኝ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ታሪክ ይጽፍ የነበረው ይህ ወጣት መምህር፣ ግንባታው ካላለቀው አዳራሽ ሥር ወድቆ ሞቶ ተገኘ። ያገኘው የጥበቃ ሠራተኛ ሳይነካው ፖሊስ ጠራ። ኢንስፔክተር እስከዳር የጃኬቱን ኪስ ዚፕ ከፍታ ስልኩን አወጣች። ኋላ ስልኩን አስከፍታ ስታይ፣ የመጨረሻው ፎቶ ከአዳራሹ አናት ቁልቁል የተነሳ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ለቅሶው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነበር፤ እስከዳርም ሄደች። ለቅሶ ቤት ደግሞ ወሬ አይጠፋም።

«ፎቶ ሲያነሳ እግሩ ከድቶት ነው» አላት የስለሺ የሥራ ባልደረባ ሙንዚር።

«አይተሃል?»

«ኧረ ሰምቼ ነው። ጋሼ አግማስ ነገሩኝ።»

እማማ መዲና ለግቢው ታሪክ ቃላቸውን የሰጡ የደጋን ከተማ ባልቴት ናቸው። «ፎቶ ሲያነሳ ነው አሉ ልጄ። ያ መከረኛ ስልክ ወላሂ!»

«ማን አለዎት?»

«ሙንዚር ነዋ።»

ጋሼ አግማስ ስለሺን ፊደል ያስቆጠሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። አዳራሹ ለግቢው መሬት ሰጡ በተባሉት በአባታቸው ስም ሊሰየም ነው። «እኔ ከጥበቃው ነው የሰማሁት» አሉ። ጥበቃውን ስትጠይቀው ግን ስለ ፎቶ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

እስከዳር ሁሉንም በለቅሶ ቤቱ አንድ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሦስት ሰው አንድ ነገር ሲነግረኝ ሦስት ምስክር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር» አለች። «ግን እማማ መዲና ከሙንዚር ሰሙ፤ ሙንዚር ከጋሼ አግማስ። ምንጩ አንድ ነው። ጋሼ ከጥበቃው ሰማሁ አሉ፤ እሱ ግን ስልኩን እንኳ አላየም፤ ዚፑ በተዘጋ ኪስ ውስጥ ነበር። ፎቶ ማንሳቱን ከእኔ ሌላ የሚያውቀው ፎቁ ላይ አብሮት የነበረ ሰው ብቻ ነው። ጋሼ፣ እርስዎ ነበሩ።»



«ከአዳራሹ ሥር ቁጥቋጦው ውስጥ ያሉትን የመቃብር ድንጋዮች ከላይ ሆኖ አሳየኝ» አሉ ሽማግሌው። «መሬቱ የአባትዎ አልነበረም፤ የእማማ መዲና ዘመዶች መቀበሪያ ነው፤ እጽፈዋለሁ አለኝ። ልጄ፣ አባቴን በመቃብሩ አታዋርድብኝ ብዬ ለመንኩት። ትቶኝ ሊወርድ ሲል ገፋሁት። ወዲያው ልይዘው እጄን ሰደድኩ፤ አልደረስኩበትም።»

ሙንዚር ተንሰቀሰቀ። ከጓዳ የስለሺ ሚስት፣ የአትጠገብ፣ ለቅሶ ይሰማል። እንዲህ ያለ ሐዘን አያድርስ ነው።

እማማ መዲና ወደ አግማስ ዞሩ። «ያረቢ! መምህር፣ ምነው አንድ ቀን እኔን ቢጠይቁኝ? የአባትዎ ስም ይውረድ መች አልኩ? መሬቱንስ መች ፈለግሁ? ለስለሺ የነገርኩት እናቴ ያረፈችበትን አሳየኝ፣ ቆሜ ዱዓ ላድርግላት ብዬ ነው። እሱም አብሽሩ፣ አይዞዎት እማማ፣ ከፍ ካለ ቦታ ሆኜ ፈልጌ፣ ፎቶ አንስቼ አመጣልዎታለሁ ብሎኝ ነበር» አሉና እንባቸው ቀደማቸው።