በዑመይር ጸጥታ ውስጥ ማን ተቀመጠ

ኑ፣ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ ልጆቼ። በእጃችሁ ያለውን ነገር ለጥቂት ደቂቃ አኑሩትና አዳምጡኝ።

የምነግራችሁን ከሰው አልሰማሁትም። በራሴ የደረሰ ነው።

ቀኑ አርብ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ። ቦታው ወልቂጤ፣ መናኸሪያው አጠገብ ያለችው የራዲዮ መጠገኛ ሱቄ።

ጨለማ አልነበረም። ፀሐይ ደጄ ላይ ተዘርግታ ነበር...

እስካሁን የሚያስፈራኝም ይሄው ነው።

ፊልጶስ እባላለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። እጄ ግን አርባ ዓመት ሙሉ ቴፕና ራዲዮ ሲፈታ ሲገጥም ኖሯል። ስልክ መነካካት ከለመድኩ በኋላ ቴሌግራም ላይ አንድ ግሩፕ ገባሁ። የድምፅ ወዳጆች የሚሰበሰቡበት ነው።

ደጎች ናቸው። ግን ልጆቼ፣ ትንሽ ነካ ያደርጋቸዋል። እኔንም ጨምሮ።

አንዱ፣ ቴፕ ዋንዛ ጠረጴዛ ላይ ካልተቀመጠ ድምፁ "ይኮመጥጣል" ይላል። ከድሮ የሚባል የእንድብር ሰው የስፒከሩን ሽቦ በቅቤ ያሻል፤ "ለጋ ቅቤ ከሆነ ዘፋኙ ይለሰልሳል" ብሎ ይምላል። አስተማሪው ነብዩ ደግሞ የእሁድ መብራት ከሰኞ መብራት ይጣፍጣል ባይ ነው፤ እሁድ ወፍጮ ቤቶች ስለሚዘጉ። በዚህ ነገር ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቁ። ሦስት ሰዎች ተኳርፈው ከግሩፑ ወጡ። አንዱ "ወጥቻለሁ" ብሎ ለመናገር ተመልሶ ገባ።

በዓመት አንዴ ውድድር አለን። የዘፈን አይደለም።

የጸጥታ ነው።

አዎ። መቅጃህን ባዶ ክፍል ውስጥ ታስቀምጣለህ። ሦስት ደቂቃ ባዶውን ትቀዳና ትልካለህ። ሁሉም ማዳመጫውን አድርጎ ያዳምጣል። ምንም ሽው የሚል ነገር ያልተገኘበት ያሸንፋል። ሕጉ አንድ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ሰው መኖር የለበትም። ሰው ይተነፍሳል።

ላሸነፈው ሰው ከስሙ ጎን "ጆሮ" የሚል ምልክት ይደረግለታል። ሌላ ሽልማት የለውም።

አራት ዓመት ሙሉ ያ ምልክት ከእኔ ስም ጎን ነበር። ጠዋት ስነሳ፣ ፊቴን ሳልታጠብ፣ መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። ጆሮዬ መድከም ጀምሮ ነበር፣ የግራው። ለባለቤቴ ለማዕዶት እንኳ አልነገርኳትም። ምልክቱ እስካለ ድረስ ግን ጆሮዬም ያለ ይመስለኝ ነበር።

ቤታችን የጅማ መንገድ ዳር ነው። ተሳቢ ባለፈ ቁጥር ብርጭቆው ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ መቅጃዬን ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ብርድ ልብስ መሃል እወሽቀዋለሁ።

"ማዕዶት፣ ሽንኩርቱን መክተፍ ተይው።"

"ተውኩት።"

"ያቺን ዶሮ አስወጫት።"

"ወጣች።"

"ጫማሽንም አውልቂ..."

"አንተ ሰውዬ፣" አለችኝ፣ "ዝምታ ለመቅዳት ይሄን ያህል ጩኸት አይቼ አላውቅም።"

በአምስተኛው ዓመት አንድ አዲስ ሰው ገባ። ዑመይር ይባላል። የቡታጅራ ልጅ ነው፣ ሠላሳ እንኳ የሞላው አይመስለኝም። "አሰላሙ አለይኩም ጋሼ" ሳይል አይጽፍልኝም። ትሕትናው ራሱ ያንገበግበኝ ነበር።

ያን አርብ ረፋዱ ላይ ግሩፑ ውስጥ ጻፈ። "ዛሬ ጁምዓ ሰዓት ላይ ገበያው ጭር ሲል እቀዳለሁ። እንዲህ ያለ ክፍል ሰምታችሁ አታውቁም።"

ከጽሑፉ ሥር የልብ ሥዕል ዘነበለት። ቀይ ልብ፣ የሚመታ ልብ። እኔ አራት ዓመት ሳሸንፍ እንዲህ ያለ ልብ አላየሁም።

ሰባት ሰዓት ላይ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። እጄ ላይ ያለውን ሥራ ትቼዋለሁ። ምንም ያልተከፈተበትን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ያንን ክፍል አስብ ነበር።

ምን ዓይነት ክፍል ነው? ግድግዳው ምን ቢሆን ነው? አንዲት ስንጥቅ አታጣውም። እዚያ ገብቼ ብቀመጥ አገኛት ነበር...

ያን ያህል ፈለግሁት። ልቤ ከደረቴ ወጥቶ የሄደ እስኪመስለኝ ድረስ።

ዓይኔን ስገልጥ ፀሐይዋ ከደጄ ሸሽታለች። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም።

አፍንጫዬ ውስጥ የሆነ የሚያቃጥል ሽታ ነበር...

ትቼው ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፋይሉ ተላከ።

አንደኛው ደቂቃ... ምንም።

ሰው በሌለበት ጉድጓድ ውስጥ እንደቆመ ውሃ። ቅናቴ እንደ ቃር ወደ ጉሮሮዬ ወጣ። ድምፁን ጨመርኩት።

ሁለተኛው ደቂቃ... ምንም። እስከ ጥጉ ጨመርኩት።

ከዚያ...

ትንፋሽ።

የሰው ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው፤ ሲያስወጣው መጨረሻው ላይ ትንሽ ያፏጫል። ቀጥሎ የሆነ ነገር ሲንኮሻኮሽ፣ ሰው ክብደቱን ሲያሳርፍ። ከዚያ እንጨት ላይ ሁለት ጊዜ...

ቷ... ቷ።

ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? ፍርሃት አይደለም። ደስ አለኝ። ያዝኩህ፣ አልኩ።

"ዑመይር ሕግ ጥሷል። ክፍሉ ውስጥ ሰው አለ" ብዬ ጻፍኩ።

ግሩፑ ተንጫጫ። ሁሉም ደግሞ ደጋግሞ አዳመጠ። ነብዩ "ጋሼ፣ አምስት ጊዜ ሰማሁት፣ ምንም የለም" አለ። ከድሮ ደግሞ "ጋሽ ፊልጶስ፣ ጆሮም ላይ ለጋ ቅቤ ጠብ ቢያደርጉበት ይከፈታል" አለ። ሳቁብኝ።

ግሩፑን የምታስተዳድረው ቤዛ፣ የጨዋ ልጅ ናት፣ በግል ጻፈችልኝ።

"ጋሼ፣ የሰው ስም ነው። እስከ እሁድ ወይ ማስረጃ ያምጡ፣ ወይ ይቅርታ ይጠይቁት። አለዚያ ምልክቱን ከእርስዎ ላይ አነሳለሁ። አይቀየሙኝ።"

እራት ላይ ነገሩን ለማዕዶት ነገርኳት።

"ምንድን ነው የሰማኸው?" አለች ማዕዶት።

"ሰው ነዋ። ይተነፍሳል። ደግሞ እንዲህ ያደርጋል።" ቀለበቴን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጊዜ መታሁ። ቷ... ቷ።

የያዘችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች።

"ይሄማ አንተ ነህ።"

"እንዴት?"

"ማዳመጫ ጆሮህ ላይ ልታደርግ ስትል የምታደርገው ነው። ሠላሳ ዓመት ሰምቼዋለሁ። እስቲ ድገመው።"

አልደገምኩትም።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ተራራውን ተሻግሬ ቡታጅራ ወረድኩ። ቡታጅራን ከረገጥኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ይህችን ያዙልኝ።

ዑመይር መናኸሪያው ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። ይቆጣል ብዬ ነበር። እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

"አሰላሙ አለይኩም ጋሼ። እኔም ሰው አለማስገባቴን በዓይንዎ ይዩልኝ ብዬ ነበር፣ አልሐምዱሊላህ መጡ።"

ክፍሉ ከገበያው ጀርባ ነው። የአክስቱ የበርበሬ መጋዘን። አክስቱ ሳሌሃ ደጁ ላይ ተቀምጠው ዛላ ይለቅማሉ። ቀና ብለው አዩኝ። ቆይተው አዩኝ።

"ዛሬስ ሰላም ይሉኛል?" አሉኝ።

"ምን አሉኝ?"

"አርብ ዕለት እዚሁ በር ላይ ቆመው የለ። ቁልፉ ዑመይር ኪስ ነው፣ ጁምዓ ሄዷል ብልዎት፣ ዝም። ደንቆሮ መስለውኝ አዝኜ ነበር።"

"እኔን አይደለም ያዩት። እኔ ወልቂጤ ነበርኩ።"

"ይሁን።" ዛላቸውን አራገፉ። "ኮቱም ይሄው ነበር። ክርኑ በሰማያዊ ክር የተሰፋ።"

ክርኔን አየሁት። ማዕዶት ናት የሰፋችው። ጥቁር ክር አልቆባት ነው።

"ከዚያስ?" አልኳቸው፣ ቀስ ብዬ።

"ከዚያማ ቀና ስል የሉም። መንገዱ ላይም አላየሁዎት።"

ዑመይር ሳቀ። "አክስቴ ዓይኗ ደክሟል ጋሼ፣ አይስሟት።" ግን ቁልፉን ከማዞሩ በፊት እሱም ክርኔን አየ።

በሩ ተከፈተ።

በአራቱም ግድግዳ እስከ ጣሪያው ድረስ በርበሬ የሞላ ማዳበሪያ ተደርድሯል። አንድ እርምጃ ገባሁ። የገበያው ጫጫታ ከጀርባዬ ተቆረጠ። የገዛ እግሬን ኮቴ አልሰማሁትም።

ልጆቼ፣ እንዲህ ያለ ጸጥታ በዕድሜዬ አልሰማሁም። እዚያም ቆሜ ቀናሁ።

"መቅጃውን እዚህ ሣጥን ላይ አስቀምጬ ቆልፌ ወጣሁ" አለ ዑመይር። "ሰው እዚህ ሦስት ደቂቃ መቆየት አይችልም። በርበሬው..."

ሳይጨርስ አስነጠሰው።

"ይማርህ" አልኩት፣ ከልማድ።

"ያኑርዎት። አዩ፣ ሰው ቢኖር ማስነጠሱ ይሰማ..." ደግሞ አስነጠሰው።

እውነቱን ነው። እኔ የሰማሁት ሰው ይተነፍሳል እንጂ አላስነጠሰውም።

ወደ ሣጥኑ ጠጋ አልኩ። ከፊት ለፊቱ ያለው ማዳበሪያ መሃሉ ሰርጉዷል። ሰው ተቀምጦበት እንደተነሳ። የሣጥኑ ክዳን ላይ ቀይ የበርበሬ ብናኝ አርፏል፤ ብናኙ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ትናንሽ ምልክቶች።

ቀለበቴን አስጠግቼ አልለካሁትም። መለካት አላስፈለገኝም።

ሽታውም ያው ነው። የአርቡ...

ከኋላዬ ዑመይር ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ ጊዜ አስነጠሰው። "እንውጣ ጋሼ፣ ያፍንዎታ..."



ዞር ስል ፊቴን እያየኝ ነው።

"ጋሼ..." አለ በሹክሹክታ።

"አቤት።"

"እርስዎን አያስነጥስዎትም እንዴ?"

ቆምኩ። ጠበቅሁ። አፍንጫዬን ትንሽ እንኳ አልበላኝም። ዓይኔም ደረቅ ነው። ትንፋሼን ስቤ በርበሬውን እስከ ሳንባዬ አስገባሁት...

ምንም።

ዑመይር ወደ ኋላ እየተራመደ ወጣ። ጀርባውን አልሰጠኝም።

ደጅ ላይ ቆሜ ስልኬን አወጣሁ። "ተሳስቻለሁ። የዑመይር ክፍል ባዶ ነው። ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ጆሮ የእሱ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ቤዛ ወዲያው ምልክቱን አዛወረችው። ልብ ዘነበ፣ ለሁለታችንም።

ዑመይር ስልኩን እንኳ አላየም። መጋዘኑን ነበር የሚያየው። ቁልፉን አዙሮ፣ በሩን ገፋ አድርጎ ሞከረው። ደግሞ ሞከረው።

ይሄ ከሆነ አንድ ዓመት ሊሞላው ነው።

ማዕዶት በርበሬ ስታስወቅጥ ቤቱ ሁሉ ያስነጥሰዋል። ጎረቤት ያስነጥሰዋል፣ መንገደኛው ሁሉ ያስነጥሰዋል። እኔ ለሁሉም "ይማርህ፣ ይማርሽ" እላለሁ። እኔን ይማርህ ያለኝ ሰው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የለም።

ከሰዓት ጋደም ስል ደግሞ አንዳንዴ ከእንቅልፌ እባንናለሁ። ማዕዶት አጠገቤ ተንበርክካ፣ መዳፏን አፍንጫዬ ሥር ይዛ አገኛታለሁ።

"ምን ሆንሽ?"

"ምንም" ትላለች። "ትንፋሽህ አልሰማ ብሎኝ ነው።" የት ሄዶ እንደሚቀመጥ እኔ አውቃለሁ።

በቃ፣ አላስጨንቃችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ሲያስነጥሳችሁ፣ አጠገባችሁ ያለ ሰው "ይማርህ" ሲላችሁ፣ ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። "ያኑርህ" በሉትና፣ አንዳፍታ እኔን አስታውሱኝ።