በእንዶድ ያጠብኩት መስታወት

ጂን አየሁ የሚል ሰው ሲያወራ እኔ ከት ብዬ የምስቅ ሴት ነበርኩ፣ እናቴ «ዘይነባ፣ ቀትር ላይ ውሃ ዳር አትቁሚ» እያለችኝ የሰው ልብስ ተሸክሜ ሮቢት ወንዝ እወርድ ነበር፣ ልብስ አጣቢ ቀትርን ከፈራች ምን ልትበላ ነው? ይህን የምነግራችሁ ፈሪ አለመሆኔን እንድታውቁልኝ ነው።

ጊዜው የጣልያን ነው። ሸዋ ሮቢት በጣልያኑ የመንገድ ሥራ ሹም ቤት ልብስ አጥባለሁ፣ ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ደግሞ ለአርበኞች ጨው አቀብለሃል ተብሎ በዚያው ግቢ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ታስሯል። የቆላን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ቆርቆሮ ውስጥ ሰው ይበስላል። ጠዋት ጠዋት በቅል ውሃ አቀብለዋለሁ፣ እሱም ከውስጥ ሦስቴ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ አንዴ ያንኳኳልኛል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ቤት ሲመጣ እንዲሁ ነበር የሚያንኳኳው።

የሹሙ ሚስት አስመራ ሄዳ በቆየችበት ጊዜ የዓሣ ገንዳዋን ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። የመስታወት ሣጥን በሉት፣ ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ይከረፋል፣ ስድስት ቀያይ ዓሣዎች ብቻ ቀርተዋል። አስተርጓሚው ጋሼ ወርቁ ጠራኝ፣ የደብረ ሲና ሰው ነው፣ ክፉ አልነበረም።

«ሲኞራዋ ነገ ማታ ትገባለች» አለኝ። «ዓሣዎቿን በሕይወት ካገኘች ወንድምሽን እፈታዋለሁ ብሏል ሹሙ።»

«ካላገኘችስ፣ ጋሼ?»

«እሱን አትጠይቂኝ፣ እህቴ። የወንዝ ውሃ ቀድተሽ በባልዲ አሳድሪ፣ ነገ ገንዳውን አጥበሽ ግማሹን ከአዲሱ፣ ግማሹን ከአሮጌው ትሞይዋለሽ። ሳሙና ብቻ እንዳታስነኪው፣ ይገድላቸዋል።»

ወላሂ፣ ሳሙና አላስነካሁም። በእንዶድ ነው ያጠብኩት። ጋቢ የምናነጣበት የዛፍ ፍሬ፣ እሱ ደግሞ ሳሙና ነው እንዴ? ዓሣ የሚገድል መሆኑን ማን ነግሮኝ። መስታወቱንም ጠጠሩንም በአረፋው ፈትጌ አለቀለቅሁ፣ ውሃውን እንደተባልኩት ሞላሁ፣ ዓሣዎቹን መለስኩ፣ ደስ አለኝ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው።

ቀትር ሆነ፣ ቤቱ ሁሉ ተኝቷል። ዓሣዎቹ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው ያዛጉ ጀመር፣ ከዚያ አንድ በአንድ ሆዳቸው ወደ ላይ ሆኖ ተገለበጡ። ስድስቱንም አውጥቼ ቀሚሴ ላይ አስቀመጥኳቸው፣ እንደ በርበሬ ዛላ ተጋደሙ። ወንድሜን በእጄ ገደልኩት ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ወደ ውሃው ጎንበስ አልኩና፣ «ማንም ሁን፣ ያሻህን ውሰድና እነዚህን መልስልኝ» አልኩ። ለማን እንዳልኩት አላውቅም፣ አላህን እንዳልጠራሁ ግን አውቃለሁ።

መስታወቱ ከውስጥ ተንኳኳ። ሦስቴ። ቆየት ብሎ አንዴ። ቀሚሴን ባየው ርጥበት ብቻ ነው፣ ስድስቱም ውሃው ውስጥ ይዋኛሉ።

ማታ ሲኞራዋ ገብታ ዓሣዎቿን ስታይ አጨበጨበች፣ ሹሙም ቃሉን አላጠፈም፣ ጋሼ ወርቁ ቁልፍ ይዞ ከፊቴ እየሮጠ መጋዘኑን ከፈተልኝ። ሰይድ በሩ ሥር ተጋድሟል። ሰውነቱ ቀዝቅዟል፣ አፉ ላይ ነጭ አረፋ አለ፣ እንዶድ እንዶድ ይሸታል። ቅሉ ውስጥ የተረፈውን ውሃ ቀመስኩት፣ ንጹህ የወንዝ ውሃ ነው። ጋሼ ወርቁ «ሙቀቱ ነው፣ እህቴ፣ ሙቀቱ ነው» ይለኛል፣ አረፋውን ግን እሱም አይቶታል።

ከቀብሩ በኋላ ዓሣዎቹን የምጠብቀው እኔ ሆንኩ። ውሃ አሳድራለሁ፣ ግማሹን እለውጣለሁ፣ እጄን እንኳ ሳላለቀልቅ አልነካቸውም፣ እነሱ ቢሞቱ ሰይድ ሁለተኛ የሚሞት ይመስለኝ ነበር። ቀትር በሆነ ቁጥር ሦስቴ፣ ቆየት ብሎ አንዴ ይንኳኳል፣ እኔም «አለሁ፣ ሰይዶ» እላለሁ።

ጣልያን ሲወጣ ሲኞራዋ ገንዳውን ከነዓሣው ጭና ሄደች። መኪናውን እስከ ጀውሃ መንገድ በእግሬ ተከተልኩት፣ አመለጠኝ። አሁን የትም ይሁን፣ ሲያንኳኳ ማን አቤት እንደሚለው አላውቅም።