የድልድዩ የገዛ ቁጥር

ከታላቁ ጦርነት ማብቂያ በኋላ በአራተኛው ዓመት፣ በግንቦት ወር መጨረሻ፣ በገደሉ ላይ የተዘረጋው አዲሱ የብረት ድልድይ ሊመረቅ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር፤ በማግስቱም አራት መቶ ወታደሮች በከበሮ እየተመሩ፣ እግራቸውን እኩል እያነሡ እኩል እየጣሉ እንዲሻገሩበት ታዝዟል። ከፊት የሚሄደው ከበሮ መቺ ድልድዩን በነደፈው ቢሮ ሒሳብ የምትሠራ ሴት ታናሽ ወንድም ነበር።

እርሷን በመሐንዲሶቹ ቢሮ «እሜቴ ድገሚው» ይሏት ነበር፤ ሥራዋ የድልድዩ ክብደትና ጥንካሬ በቁጥር የሰፈረበትን አንዱን ሰንጠረዥ ይዞ እየደጋገሙ ማባዛት ነውና። ድልድዩ ሲወዛወዝ የሚይዘውን ቅርጽ በግምት እንደ አንድ ረድፍ ቁጥር ትጽፍና በሰንጠረዡ ታባዛዋለች፤ የወጣውን መልሳ ታባዛዋለች፤ ቅርጹም መጀመሪያ ይለዋወጣል፤ ኋላ ግን እየረጋ ሄዶ፣ መጠኑ እንጂ መልኩ የማይለወጥበት ጊዜ ይመጣል። ያ መጠን የሚባዛበት ቁጥር የድልድዩ የገዛ ቁጥር ነው፤ ድልድዩ በሰከንድ ስንት ጊዜ መወዛወዝ እንደሚወድ የሚታወቀው ከርሱ ነው። አሥራ አንድ ቀን ደክማ ያገኘችው ሁለት ጊዜ ሆነ፤ የከበሮውም ምት በሰከንድ ሁለት ነው! ሁለቱ ከገጠሙ ደግሞ እያንዳንዱ እርምጃ ውዝዋዜውን እየጨመረው ድልድዩን ሊሰብረው ይችላል።

«ወታደሩ እርምጃውን ይበትን፤ ከበሮውም ዝም ይበል» ብላ ጻፈች።

ከሰዓት በፊት ዋናው መሐንዲስ ወረቀቶቿን ይዘው መጡ።

«እሜቴ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ መሆን የነበረበት ሰባት ተብሏል። ይህን ይዤ የጦር አዛዡ ፊት እንዴት ልቁም?»

ክው አለች። ሰው ናትና፣ ያን ያህል ያባዛ እጅ ይዝላል፤ ግን ወንድሟ ነገ ከፊት ነው። ገጹን ትኩር ብላ አየችና ነፍሷ መለስ አለች።

«ጌታዬ፣ ስህተቱ የኔ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ሰባቱ የገባው ቅርጹ ውስጥ ነው እንጂ ሰንጠረዡ ውስጥ አይደለም፤ ከየትኛውም ቅርጽ ቢነሡ መድረሻው ያው ነው፤ ስህተቱን ኋላ የመጣው ማባዛት አጥቦታል። ካላመኑኝ የመጨረሻውን ረድፍ እርስዎ ራስዎ ያባዙት።»

መሐንዲሱ ኮታቸውን አውልቀው ተቀመጡ፤ አባዙም። ረድፉ መልኩን ሳይለውጥ ወጣ።

«አጀብ! ተነሡ፣ ድልድዩን ራሱን እንጠይቀው» አሉ።

አሥራ ሁለት ሠራተኞች ድልድዩ መሐል ቆመው በከበሮ ምት ባሉበት እንዲረግጡ ታዘዙ፤ ከበሮ መቺውም ተጠራ።

«እትዬ፣ ከበሮዬን ዝም አሰኝተሽ በሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው አይደል?» ብሎ ተኮሳተረባትና መምታት ጀመረ። ጥቂት እንደቆየ ድልድዩ እንደ አልጋ ሽቦ ከፍ ዝቅ አለ። ምቱን ሲያፋጥነው ጋብ አለ፤ ወደ ሁለት ሲመልሰው እንደገና ተነሣ። ልጁ በትሮቹን ጣላቸው።

«በቃ! በቃ! እትዬ፣ እግዜር ይስጥሽ፤ ከሞት አፍ ነው ያወጣሽኝ!»

«መሐንዲሱን አመስግን» አለች እንባዋ እየቀደማት፤ «ተሳስቼ ሳለሁ፣ ሳያባርሩኝ ቁጭ ብለው ያባዙልኝ እርሳቸው ናቸው።»

መሐንዲሱ ለጦር አዛዡ ነግረው ኖሮ፣ በማግስቱ አራት መቶው ሰው እንደ ገበያተኛ እየተንጠባጠበ ተሻገረ። ጋዜጣው የእንግዶቹን ማዕረግና የንግግሩን ርዝመት ሳይቀር ጻፈ፤ ስለ ሰልፉ ግን «ከበሮው ባልታወቀ ምክንያት ዝም ብሏል» ብሎ አለፈው። ታሪክ የወደቀውን ይመዘግባል፤ ሳይወድቅ የቀረውን ማን እንዳዳነው አይጠይቅም። ከበሮ መቺው ያንን ጋዜጣ ቆርጦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈው፤ «ባልታወቀ ምክንያት» ከሚለው ጎንም በእርሳስ «እህቴ ታውቀዋለች» ብሎ ጻፈበት።