አፈሩን ማን አኮመጠጠው?

ሽማግሌው በመስታወቷ ክፍል ውስጥ፣ በሩ ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። አንድ እጃቸው እጀታውን ፍለጋ ተዘርግቷል፤ አልደረሰም።

ክፍሏ ከጓሮው ግድግዳ ጋር የተለጠፈች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም ጠባብ ናት። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ውሏቸው እዚያ ነበር። መሬቱ ላይ ሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ ተቀምጧል፤ ሳፋው ውስጥ የአበባ ማሰሮዎች ተደርድረዋል። አበቦቹ ሁሉ ሮዝ ናቸው። ከሳፋው አጠገብ አንድ ጀሪካን፣ ጥግ ላይ ደግሞ ባዶ የአቼቶ ጠርሙሶች ይታያሉ።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ፖሊሱ ለመርማሪዋ። «ልጃቸው ባትሪ ሠሪ ነው። ትናንት ከአባቱ ጋር አሲድ፣ አሲድ እየተባባሉ ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ጀሪካኑም የእሱ ነው። አምኗል፤ ወስደነዋል።»

«ምን ብሎ ነው ያመነው?»

«የባትሪ ውሃ ሰጥቼዋለሁ ብሎ።»

መርማሪዋ ወደ አስከሬኑ ጠጋ አለች። ተንበርክካ የሟቹን ሱሪ ጉልበት በጣቶቿ ዳሰሰች። ርጥብ ነው፤ ጨርቁ ግን ደህና ነው። ጥቁር ካልሲያቸው ጫፉ ላይ እንደ ዝገት ቀልቷል። ወዲያው አልተነሣችም፤ ያን ቀለም ትክ ብላ አየችው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው አስከሬኑን ያገኘችውን ጎረቤት ነው፤ የኬሚስትሪ መምህርት ናት፤ ሰፈሩ «ቲቸር» ይላታል።

«አበባዋ ሃይድራንጂያ ናት» አለች ቲቸር፣ አፍንጫዋን በመሐረብ እየጠረገች። «አፈሩ ካልኮመጠጠ ሮዝ ታብባለች፤ ከኮመጠጠ ሰማያዊ። ጋሼ ሰማያዊ እንድትሆን ፈለጉ። ድኝ ይቀላቅሉበት፣ ወራት ይፈጃል፣ ይታገሡ አልኳቸው። ‹ወራት ለማን ተሰጥቶ፣ ቲቸር?› ብለው ሳቁብኝ።»

«ምን አስቸኮላቸው?»

«ባለቤታቸው እትዬ ሰማያዊ ይወዳሉ። እንዳትነግሪያት ብለው አስምለውኛል።»

«አቼቶውስ?»

ቲቸር ፊቷ ተለዋወጠ። «አቼቶም አፈር ያኮመጥጣል ብያቸዋለሁ። ግን በውሃ አቅጥነው ነው ያልኩት! አቼቶ ደግሞ ሰው አይገድልም።»

«ሽታው አያስቸግራቸውም ነበር?»

«ጋሼ ካመማቸው ወዲህ የሚሸታቸው ነገር የለም። ባለፈው ወተት ገንፍሎ ቤቱ በጭስ ሲታፈን እሳቸው አጠገቡ ቁጭ ብለው ሬዲዮ ይሰማሉ።»

ባለቤታቸው ወጥ ቤት ውስጥ ነበሩ። የታጠበውን ወለል እንደገና ያጥባሉ። ጥቁር ሽርጣቸው ላይ ቀላ፣ ነጣ ያለ ነጠብጣብ አለ፤ የእጃቸው ቆዳ ተሰነጣጥቋል።

«ልጄን ለቀቁት?»

«ገና ነው፣ እናቴ።»

«የፈሩት ይደርሳል ይባላል» አሉ እንደ ተንበረከኩ። «ከተወለደ ጀምሮ ይወድቃል፣ ይታመማል፣ መኪና ይገጨዋል ስል ኖርኩ። እስር ቤትን ብቻ ሳልፈራው ቀረሁ። አየሽ? ያልፈራሁት መጣ።»

መርማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ዛሬ ጠዋት ምን ሠሩ?»

«ያው የሁልጊዜዬን። ቤት አጠብኩ። የሱንም ክፍል አጸዳሁ፤ ሳፋው ሻጋታ ይዞ ነበር፤ ለዚያ ለደከመ ሳንባው ፈራሁ። በሩን ዝጋ፣ ብርድ ይመታሃል አልኩት…» ድንገት ቆሙና ጨርቁን ጣሉት። «ምን ታደክሚኛለሽ? እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«በምን?»

«በአሲዱ ነዋ! ከጀሪካኑ ደፋሁበት።»

«ምኑ ላይ?»

«ጉልበቱ ላይ… ደረቱም ላይ።»

«ለምን?»

«ይህን ሁሉ ዘመን አብሮ ኖሮ ምክንያት ይጠፋል? አንቺ አላገባሽም መሰለኝ። በይ አሁን እኔን ውሰጂና ልጄን መልሺልኝ።»

በማግሥቱ የሐኪሙ ውጤት መጣ፤ ሳንባቸው በጋዝ ተቃጥሏል፣ ቆዳቸውን ግን ያቃጠለው ነገር የለም። መርማሪዋ ሁሉንም መስታወቷ ክፍል ደጃፍ ሰበሰበች። ልጁ በካቴና መጣ። እናቱ ሲያዩት «ሳትበላ ነው ያደርከው!» ብለው ጮኹ።

መርማሪዋ ጀሪካኑን አነሣች፤ ከፈተችውና በባዶ እጇ ላይ አንቆረቆረችው።

«አይሆንም!» እናቲቱ ዘለው እጇን ያዙት፤ በቀሚሳቸው እየጠረጉ «ውሃ አምጡ! ምን ዓይነት እብድ ነሽ አንቺ ልጅ!» አሉ።

«ውሃ ነው፣ እናቴ» አለች መርማሪዋ በቀስታ። «ይህን ሰው ላይ ደፍተውት ቢሆን ኖሮ ውሃ መሆኑን ያውቁ ነበር። አሲድ ጨርቅ ይበሳል፤ የባለቤትዎ ሱሪ ግን ደህና ነው። እርስዎ ይህን ጀሪካን ነክተውት አያውቁም።» ወደ ልጁ ዞረች። «ንገራቸው።»

«አባዬ አፈሩን ላኮምጥጥበት፣ አሲድ ስጠኝ አለኝ» አለ ልጁ። «እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ራሱን ያቃጥላል ብዬ እምቢ አልኩ፤ ጮኸብኝ። ሲብስብኝ የባትሪ ውሃ ሰጠሁት። ባትሪ ሲጎድል የምንሞላውን፣ ንጹሕ ውሃ። አሲድ ነው ብዬ ዋሸሁት። ለፖሊሱም የባትሪ ውሃ ነው ብዬ ነግሬዋለሁ እኮ፤ እሱ ‹በቃ፣ አመነ› ብሎ ተነሣ።»

ፖሊሱ ጫማውን አየ። ከዚያ ካቴናውን ፈታ።

«ሽማግሌው አሲድ ያሉትን ከትናንት በስቲያ ሲያፈሱ ዋሉ፤ ትናንት ጠዋት ሲያዩ አበባዋ ሮዝ ናት» ቀጠለች መርማሪዋ። «በአንድ ሌሊት እንደማትለወጥ ትዕግሥት ያለው ሰው ያውቃል። እሳቸው ግን ቸኩለዋል። አቼቶውን ሳያቀጥኑ ማሰሮዎቹ ላይ ደፉት። አቼቶው በማሰሮዎቹ ቂጥ ወርዶ ሳፋው ውስጥ ተጠራቀመ።»

ቲቸር እጇን አፏ ላይ ጫነች። ገብቷታል።

«ሳፋው ግን ባዶ አልነበረም። አቼቶው ሲነካው መርዛም ጋዝ የሚወጣው ነገር ነበረበት። ሌላ ሰው ቢሆን ሽታው ያባርረው ነበር፤ ለሳቸው አልሸተታቸውም። በሩም ዝግ ነው። ጉሮሯቸውን ሲያንቃቸው ብቻ ነው ወደ እጀታው የሄዱት።»

«እና?» አሉ እናቲቱ፣ የልጃቸውን የእጅ አንጓ እያሹ። «ልጄ ነጻ ነው?»

«ነጻ ነው። ወንጀል አይደለም፤ ድንገተኛ አደጋ ነው።»

«ተመስገን!» ልጃቸውን ሳሙት። ደግመው ሳሙት። ከዚያ ቀና አሉ። «ግን ሳፋው ውስጥ ምን ነበር?»

መርማሪዋ ይህን ጥያቄ ከትናንት ጀምራ ስትሸሸው ነበር። ልጁን ለማስፈታት እውነቱ ያስፈልጋት ነበር፤ እውነት ደግሞ ግማሹ ብቻ አይወጣም።  ዓይኗ ሳታዝዘው ሽርጣቸው ላይ አረፈ።

እናቲቱ ዓይኗን ተከትለው ወደ ታች አዩ። በረኪና ያነጣውን ነጠብጣብ በጣታቸው ዳሰሱት፤ አንዱን፣ ቀጥሎ ያለውን፣ ሌላውን።

«ሻጋታው…» አሉ። «ለሳንባው ብዬ እኮ ነው። በረኪና ጨምሬ፣ ተነክሮ ይቆይ ብዬ ተውኩት።»

«እማዬ፣ አታውቂም ነበር» አለ ልጁ።

«በሩንም እኔ ነኝ…»

«እማዬ።»

ቲቸር ታለቅሳለች።  መርማሪዋ ሐሰተኛውን ኑዛዜ አፍርሳ እውነተኛውን በእጃቸው አስታቅፋቸዋለች።

ልጁ እናቱን ደግፎ ወደ ቤት አስገባቸውና ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። የጓሮው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ቀዝቃዛ ነፋስ ይገባል፤ ልጁ በስስ ሸሚዝ ቆሟል። እናቲቱ እንደ ልማዳቸው በሩን አመለከቱት፤ ከንፈራቸው ተላቀቀ።

«ዝጋ» የሚለው ቃል አልወጣም። ጣታቸው አየር ላይ እንደ ቆመ ቀረ፤ ነፋሱም ይገባ ነበር።